«ያድናቸዋልና»፦ ኢየሱስ በሚለው ስም ውስጥ ባለቤቱ ማን ነው?

መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም የነገረውን ቃል የ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አስቀምጦታል፦ «ልጅም ትወልዳለች፤ እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ» (ማቴ. 1፥21)። ስናነበው ዓይናችን ስሙ ላይ ያርፍና «ያድናቸዋልና» ጫፍ ላይ ያለችውን «ና» ዘለን እናልፋለን። እሷ ግን ምክንያት ነጋሪ ናት፤ ስሙ ይህ የሆነው ሥራው ያ ስለሆነ ነው ትላለች። በአማርኛ «ኢየሱስ» እና «ያድናል» በድምፅ ስለማይዛመዱ ማሰሪያው አይታየንም። በግሪኩም አይታይም። ወደ ዕብራይስጡ ሲወረድ ግን ስሙ «የሹዋ»፣ «ያድናል» የሚለው ግስ ደግሞ «ዮሺዓ» ነው። ለዕብራዊ ጆሮ መልአኩ ስሙን ጠርቶ ወዲያው ፈታው ማለት ነው።

ስለ ጸጋ መዳን ብዙ ክርክር የሚነሣው ይህ ስም እንደ መጠሪያ ብቻ ሲያዝ ይመስለኛል። ስሙ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤት አለው፣ ግስም አለው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከታወቀ የጸጋ ትምህርት ግማሹ ተነግሯል።

ከሥሩ እንጀምር። ሙሴ ወደ ከነዓን ከላካቸው 12 ሰላዮች አንዱ የነዌ ልጅ አውሴ ነበር። ዘኍልቍ 13፥16 ሙሴ «ኢያሱ» ብሎ እንደ ጠራው ይነግረናል። በአማርኛ ሁለቱ ስሞች የተራራቁ ይመስላሉ። በዕብራይስጥ ግን አውሴ «ሆሼዓ» ነው፤ የሚጻፈውም በአራት ፊደል ነው፦ ሄ፣ ዋው፣ ሺን፣ ዓይን። ሙሴ ከፊቱ አንዲት ዮድ ጨመረበትና «የሆሹዓ» ሆነ። (እነዚህን ፊደላት መዝሙር 118(119) ላይ በየክፍሉ አናት እናያቸዋለን።) «ሆሼዓ» ማለት «አዳነ» ወይም «መዳን» እንደ ማለት ነው፤ ማን እንዳዳነ ግን አይናገርም። ዮዷ ስትገባ የስሙ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ስም አኅጽሮት ይሆንና ሙሉው «እግዚአብሔር ያድናል» ወይም «እግዚአብሔር መድኃኒት ነው» ይላል። በሰዋስው ቋንቋ ካየነው ሙሴ ባለቤት ላልነበረው ግስ ባለቤት ሰጠው። በጎልማሳው ጦረኛ ስም ውስጥ አዳኙ ጦረኛው ራሱ እንዳይሆን አንዲት ፊደል ቆመች።

ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ረጅሙ ስም አጥሮ «የሹዋ» ተባለ። ለዚህ ማስረጃው ከመጽሐፉ አይወጣም፦ የኢዮሴዴቅ ልጅ ታላቁ ካህን በሐጌና በዘካርያስ በረጅሙ ስም፣ በዕዝራና በነህምያ በአጭሩ ተጽፏል። ነህምያ 8፥17 የነዌን ልጅ ኢያሱን ራሱን በአጭሩ ስም ይጠራዋል። የአማርኛው ትርጉም ሁሉንም «ኢያሱ» ስላለ ልዩነቱ አይታየንም እንጂ በዕብራይስጡ ቁልጭ ብሎ አለ።

ከዚያ ስሙ ወደ ግሪክ ገባ። ያስገቡት ክርስቲያኖች አይደሉም፤ ጌታ ከመወለዱ በፊት የብሉይ ኪዳንን መጻሕፍት ወደ ግሪክ የመለሱ አይሁድ ናቸው። ግሪክኛ «ሽ» የሚል ድምፅ ስለሌለው ሺን ወደ «ስ» ተለወጠች፤ ዓይንን የሚያህል የጉሮሮ ፊደል ስለሌለው ዓይን ወደቀች፤ የወንድ ስም በአናባቢ ሲያልቅ ለሰዋስው ስለማይመች መጨረሻው ላይ «ስ» ተጨመረ። እንዲህ ሆኖ «ኢዬሱስ» ተባለ። ያ የመጨረሻ «ስ» ባለቤት ሲሆን ይመጣል፣ ሲጠራ ወይም «የኢየሱስ» እንደሚባለው ዘርፍ ሲሆን ይጠፋል። የግዕዝ አባቶች ከግሪኩ ሲተረጉሙ ባለ «ስ»ውን «ኢየሱስ»፣ «ስ» የሌለውን «ኢያሱ» አድርገው ሁለቱን ሰዎች ለዩልን። ስሙ ግን አንድ ነው። ዕብራውያን 4፥8ን በግሪክ የሚያነብ ሰው ጌታ በሚጠራበት በዚያው ስም የነዌን ልጅ ያገኛል፤ የእኛ ተርጓሚዎች ከሐሳቡ ተነሥተው «ኢያሱ አሳርፎአቸው ኖሮ ቢሆንስ» አሉ። የሐዋርያት ሥራ 7፥45ም እንዲሁ ነው። መጽሐፈ ሲራክን የጻፈው ሰው ስሙም ይኸው ነበር። ልጁን ኢያሱ ብሎ የሚጠራ ኢትዮጵያዊ ጌታ በናዝሬት መንደር የተጠራበትን ስም እየጠራ ነው፤ «ኢየሱስ» የሚለውን ግን በገብረ ኢየሱስ፣ በኃይለ ኢየሱስ፣ በወለተ ኢየሱስ ካልሆነ ብቻውን ለሰው አንሰጥም።

እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር አንድ ነገር አለ። «ኢየሱስ የሚለው ስም ዜውስ ከሚባለው የግሪክ ጣዖት የመጣ ነውና በየሹዋ ካልጠራችሁት አትድኑም» ይላሉ። ሰው ግራ ሲጋባበት ስለማይ በዝርዝር መመለስ ይገባል። ዜውስ በግሪክ የሚጀምረው በዜታ ነው፤ ኢየሱስ ውስጥ ዜታ የለም፣ ሁለቱም ሲግማ ናቸው። ዜውስ ሲዘረዘር ወደ «ዲያ» ይለወጣል፤ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያት ሥራ 14፥12 ላይ በርናባስን «ድያ አሉት» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድያ ዜውስ ነው። ድያና ኢየሱስ ምን ያገናኛቸዋል? ደግሞም ሐዋርያት ራሳቸው አዲስ ኪዳንን የጻፉት በግሪክ ነው፤ ስሙንም በግሪክ አገባብ ነው የጻፉት። በመስቀሉ ላይ የተሰቀለው ጽሕፈትም በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ ነበር (ዮሐ. 19፥20)። ከ«ሽ» ወደ «ስ» መሄዱም ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሻሎም በእኛ ሰላም ነው፤ ሼም ስም ነው፤ ሻማይም ሰማይ ነው። በግዕዝ ፊደል ውስጥ «ሸ» የለችም፤ አማርኛ ነው ከ«ሰ» ያበጃት።

የዚህ ስም ዘመዶች በየቀኑ በአፋችን አሉ። ኢሳይያስ፣ ሆሴዕ፣ ኤልሳዕ ሁሉም «ማዳን» ከሚለው ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ሆሣዕናም እንዲሁ፤ «እባክህ አድን» ማለት ነው፣ ከመዝሙር 117(118)፥25 የተወሰደ። ኢየሩሳሌም ሲገባ ዘንባባ የያዙት ሕዝቦች «ሆሣዕና» ብለው ሲጮኹ የስሙን ግስ መልሰው ለባለ ስሙ እየነገሩት ነበር።

አሁን ወደ ማቴዎስ እንመለስ። አማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «ሕዝቡን ያድናቸዋልና» ብሎ መሄድ ይበቃ ነበር። «እርሱ» ተብሎ ለብቻው መቀመጡ ክብደት አለው፤ በግሪኩም «እርሱ ራሱ» የሚል ኃይል ያለው ቃል ነው። መዝሙር 129(130)፥8 እስራኤልን ከኃጢአቱ ሁሉ የሚያድነው እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። በስሙ ውስጥም ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። መልአኩ ግን ሕፃኑን አመልክቶ «እርሱ ያድናቸዋል» አለ። የእግዚአብሔርን ሥራ በባለቤትነት ለማርያም ልጅ ሰጠው፤ ማቴዎስም ከሁለት ቁጥር በኋላ «አማኑኤል»ን የሚያመጣው ለዚህ ነው።

«ከኃጢአታቸው» የሚለውም ቃል መታለፍ የለበትም። ከሮማውያን፣ ከድህነት፣ ከጠላት አላለም። የስሙ ተስፋ የተሰፋው በዚህ ልክ ነው። ስሙ የሚያስፈልገን ለጉዞ ፈቃድ፣ ለሥራና ለትዳር ብቻ እየሆነ ሲሄድ ከመጀመሪያው ውል እየወጣን ነው።

ሉቃስ 2፥21 ስሙ የወጣለት በ8ኛው ቀን ሲገረዝ እንደሆነ ይጽፋል። ልደትን ታኅሣሥ 29 ብለው መቁጠር ቢጀምሩ 8ኛው ቀን ጥር 6 ይውላል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የግዝረትን በዓል የምታከብረውም በዚያ ዕለት ነው። ሕፃኑ አንድ ሥራ ሳይሠራ፣ አንድ ቃል ሳይናገር «ያድናል» ተብሎ ተጠራ።

ስለ «መዳን» ቃል ካወራን አማርኛና ግዕዝ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው ዕድል አላቸው። ሕመምተኛው ዳነ እንላለን፤ ነፍሱ ዳነችም እንላለን። መድኃኒት ከፋርማሲ ይገዛል፤ መድኃኔዓለም ደግሞ የዓለም አዳኝ ነው። ግሪኩም «ሶዞ» በሚል አንድ ግስ ሁለቱን ይይዛል። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን፣ ገንዘቧን በባለ መድኃኒቶች ጨርሳ የባሰባትን ሴት «እምነትሽ አድኖሻል» አላት (ማር. 5፥34)። በሉቃስ 7፥50 እግሩን በእንባዋ ያራሰችውን፣ ምንም ሕመም ያልተጠቀሰላትን ሴትም «እምነትሽ አድኖሻል» አላት። በግሪኩ ቃል በቃል አንድ ነው። አንዷ ከደም መፍሰስ፣ አንዷ ከኃጢአት።

ይህን በሰፊው የሚያሳየው የሐዋርያት ሥራ 3 እና 4 ነው። ሁለቱን ምዕራፎች ለያይተን ስለምናነብ የሚጎዳን ይመስለኛል። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ስለሚቆጠር ለአማርኛ አንባቢ መለወጥ አያስፈልገውም። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የሆነ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው «መልካም» በምትባለው የመቅደስ ደጅ ተቀምጦ ይለምናል። የየኔ ቢጤዎች አለማመን በእኛም ደጀ ሰላም ይታወቃል፦ «ስለ እግዚአብሔር»፣ «ስለ መድኃኔዓለም»፣ «ስለ ስሙ»። አንዳቸውም «ስለ እኔ» ብለው ሲለምኑ አይሰማም። የልመናው መሠረት በለማኙ ማንነት ላይ አይጣልም፤ በሌላ ስም ላይ ይጣላል። ሰጪውም ሲሰጥ የለማኙን ጠባይ አይመረምርም፤ የተጠራውን ስም አክብሮ ይሰጣል። ጸጋን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ሥዕል አላውቅም፤ በየበዓሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይታያል።

ጴጥሮስ ለሽባው ብርና ወርቅ እንደሌለው ነግሮ «በናዝሬቱ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ተነሣና ተመላለስ» አለው። ሕዝቡ ግር ብሎ ሲከባቸው የመጀመሪያ ሥራው ባለቤቱን ማስተካከል ነበር፦ በገዛ ኃይላችን ወይም እግዚአብሔርን በመፍራታችን እንዳደረግነው ስለ ምን ታዩናላችሁ? (3፥12) ሁለቱንም ካደ፤ ኃይሉንም መንፈሳዊነቱንም። በማግስቱ በሸንጎ ፊት ቀርቦ ይህ ሰው «በምን እንደ ዳነ» ተመረመረ (4፥9)፤ መልሱን ሲጨርስ «መዳንም በሌላ በማንም የለም፤ እንድንበት ዘንድ የሚገባን ለሰዎች የተሰጠ ስም ከሰማይ በታች ሌላ የለምና» አለ (4፥12)። በቁጥር 9 ያለው «ዳነ» እና በቁጥር 12 ያለው «እንድን» በግሪኩም አንድ ግስ ነው። ጴጥሮስ ከእግር ወደ ነፍስ የተሻገረው ርዕስ ሳይቀይር ነው። «ለሰዎች የተሰጠ» የሚለውንም ልብ ይሏል፤ ስሙ ራሱ የተሰጠ ነው፣ ያገኙት አይደለም።

ስሙ የተሰጠ ከሆነ እንደ ቁልፍ ወይም እንደ ድግምት ሊያዝ አይችልም። በዚህ በኩል ቋንቋችን የሚያስደነግጥ ምስክር አለው። «አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ብቻ ነው። በአማርኛ ወደ ድግምት የወረደው ስሞችን በብራና እየጻፉ፣ ክታብ አድርገው አንገት ላይ እያንጠለጠሉ ኃይሉን ከሚጠራው አካል ነጥለው ሲጠቀሙበት ነው። የአስቄዋ 7 ልጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጳውሎስ ሲያደርግ ያዩትን ቀመር ያዙና በማያውቁት ስም ጋኔን ሊያወጡ ሞከሩ፤ «ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» ብሎ ጋኔኑ መለሰላቸው፤ ቆስለው ዕራቁታቸውን ሸሹ (የሐዋ. 19፥13-16)። ክታብ ያላሰረም ሰው በዚህ ሊወድቅ ይችላል። በጸሎት መካከል «በኢየሱስ ስም» የሚለውን 20 ጊዜ ደጋግሞ ድምፅ ከፍ ማድረግ ስሙን ያከበረ አይሆንም። «በስሜ ብትለምኑ» የተባለው (ዮሐ. 14፥14) ከውክልና ጋር ይቀራረባል፦ ወኪል የሚፈርመው በወካዩ ስም ነው፤ ሥልጣኑ ሙሉ ነው፤ ግን ወካዩ ያልፈቀደውን ቢፈርም ፊርማው ዋጋ የለውም። ስለዚህ በስሙ ከመለመን በፊት ባለ ስሙ ይህን ይፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ የጸሎቱ አንድ ክፍል ነው።

ወደ ጸጋ እንግባ። በሉቃስ 7 ጌታ ለፈሪሳዊው ስምዖን የነገረው ምሳሌ ቁጥር አለው፦ አንዱ 500 ዲናር፣ አንዱ 50 ዲናር ተበድረዋል። በማቴዎስ 20፥2 አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። 50 ዲናር የ50 የሥራ ቀን ዋጋ ነው፤ 500 ደግሞ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሙሉ ድካም ነው። አበዳሪው «የሚከፍሉትም ቢያጡ ለሁለቱም ተወላቸው»። «ተወ» የተባለው የግሪኩ ግስ «ጸጋ» ከሚለው ቃል (ካሪስ) የወጣ ነው፤ «ጸጋ አደረገላቸው» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር። ልብ ማለት የሚገባው ሁለቱም ባዶ እጃቸውን መሆናቸው ነው። ባለ 50ው ዕዳው የሌላው 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን አልተማረም።

በማቴዎስ 20 ደግሞ ሠራተኞቹ ከማለዳ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ተቀጠሩ፤ ሲመሽ ሁሉም አንድ አንድ ዲናር ተቀበሉ። ከማለዳ የገቡት ያጉረመረሙት ስለ ተበደሉ አይደለም፤ የተዋዋሉትን ሙሉውን አግኝተዋል። ያስቆጣቸው ባለ 11 ሰዓቱ በደመወዝ ሒሳብ አለመከፈሉ ነው። ጳውሎስም በሮሜ 6፥23 ሁለቱን ቃል ፊት ለፊት ያቆማል፦ የኃጢአት «ደመወዝ» ሞት ነው፤ የእግዚአብሔር «የጸጋ ስጦታ» የዘላለም ሕይወት ነው። ለሞት ሠርተን የምንቀበለው አለን። ለሕይወት ግን የደመወዝ መዝገብ የለም።

ኤፌሶን 2ን ለማንበብ የሚረዳ ቀላል አሠራር ልንገራችሁ። ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፤ ከቁጥር 1 እስከ 10 እያንዳንዱን ግስ በቀኝ፣ ባለቤቱን በግራ ጻፉ። ከ1 እስከ 3 ባለቤቱ «እናንተ» እና «እኛ» ነን፤ ግሶቹም ሙት መሆን፣ በኃጢአት መመላለስ፣ የቍጣ ልጆች መሆን ናቸው። በቁጥር 4 «ነገር ግን እግዚአብሔር» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሦስት ግሶች ይከተላሉ፦ ሕይወት ሰጠን፣ አስነሣን፣ አስቀመጠን። የሦስቱም ባለቤት እርሱ ነው፤ እኛ «ን» በምትለው ምዕላድ ውስጥ ተሳቢ ሆነን ተቀምጠናል። ሙት የነበረ ሰው ሌላ ምን ቦታ ይኖረዋል?

ቁጥር 8 ላይ የ1954ቱ ትርጉም በጣም ያምራል፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» ጸጋውን ራሱን ባለቤት አደረገው። ጊዜውም በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። «እንግዳው መጣ» ስንል መምጣቱን ብቻ እንናገራለን፤ «እንግዳው መጥቷል» ስንል ግን አሁን ቤት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። «አድኖአችኋል» እንደ ሁለተኛው ነው፤ ግሪኩም ተፈጽሞ ውጤቱ የጸና ድርጊትን በሚያሳይ ጊዜ ነው የተጻፈው። «ይህም» የተባለው ምን እንደሆነ ብዙ ይጠየቃል። በግሪኩ «ጸጋ» እና «እምነት» ሁለቱም አንስታይ ጾታ ናቸው፤ «ይህ» የሚለው ቃል ግን ተባዕትም አንስታይም አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ነጥሎ ሳይሆን የመዳኑን ነገር በሙሉ ያመለክታል ቢባል ይስማማል።

ከዚያ ቁጥር 10 አለ፦ «እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን።» በቁጥር 9 «ከሥራ አይደለም»፤ በቁጥር 10 «ሥራ ለማድረግ»። የ«ከ» እና የ«ለ» ልዩነት ነው። «ከ» መነሻ ናት፤ «ለ» መድረሻ። ሥራን መነሻ ያደረገ ሰው ቁጥር 9ን ያፈርሳል፤ ሥራን ከመድረሻው የሰረዘ ሰው ቁጥር 10ን ያፈርሳል። በኦርቶዶክሳውያንና በወንጌላውያን መካከል በሚደረገው ክርክር አንዱ ወገን 8 እና 9ን፣ ሌላው 10ን ይዞ ሲሟገት መስማት ያሳዝናል፤ ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ትንፋሽ ናቸው። የአስተምህሮ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነትን ከምሥጢራትና ከምግባር ጋር አስተባብራ ታስተምራለች፣ ወንጌላውያን «በእምነት ብቻ» ይላሉ። ግን ንግግሩ የማይቻል አይደለም። መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ450 ዓመት በላይ ተለያይተው ከቆዩ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውግስቡርግ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የኦርቶዶክሱም ጸሎት በጸጋ የተሞላ ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል አንድም ጊዜ የሚጸልየው ሰው ሥራ አይጠቀስም።

ያዕቆብና ጳውሎስ ይጋጫሉ ለሚል ሰው ዕድሜ መቁጠር ይረዳል። ሁለቱም ምስክራቸው አብርሃም ነው። ጳውሎስ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 15፥6ን ነው፤ አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፤ የተገረዘው በ99 ነው። ስለዚህ ጽድቅ ከተቆጠረለት እስከ ተገረዘበት ቢያንስ 13 ዓመት አልፏል፤ ጳውሎስ በሮሜ 4፥10 «ሳይገረዝ ነው» የሚለው በዚህ ሒሳብ ነው። ያዕቆብ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 22ን፣ የይስሐቅን መሥዋዕት ነው፤ ይስሐቅ የተወለደው አብርሃም 100 ዓመት ሲሆነው፣ ለመሥዋዕት ሲቀርብ ደግሞ እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ልጅ ነበር። አንዱ ስለ መቆጠሩ ይናገራል፤ ሌላው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ መታየቱ።

ሲበላሽ የማየው በብዛት በሌላ በኩል ነው። እምነት ራሱ ደመወዝ ይሆናል። ሕመምተኛው ካልዳነ «እምነትህ አንሶ ነው» ይባላል። ሰውየው በሕመሙ ላይ ጥፋተኛነት ይጨመርበታል፤ እምነቱን በሚዛን አስቀምጦ ሲመዝን ይውላል። ከዚህ የሚብሰው «በስሙ ድነሃል» ተብሎ ፀረ ኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሲነገረው ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ወይም ባክቴሪያው እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱን የተላመደ ዝርያም ሊፈጠር ይችላል፤ በኋላ ቢጀምር እንኳ ያው ኪኒን ላይሠራለት ይችላል። ስህተቱ የሚጀምረው «ዳነ» ያለውን ሁለት ትርጉም አንድ ከማድረግ ነው። ሽባው በስሙ ሲድን ያየንበት የሐዋርያት ዘመን ያው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው የጻፈበት ነው (2ጢሞ. 4፥20)፤ ጢሞቴዎስንም ለሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ መክሮታል። ማንም «እምነታችሁ አንሶ ነው» አላላቸውም። እምነት የተዘረጋ እጅ ነው፤ እጅ ሲንቀጠቀጥም ይቀበላል። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት (ማር. 9፥24) ልጁ ተመልሶለታል።

«ጸጋ ነውና ግድ የለም» የሚለውን ጳውሎስ ራሱ በሮሜ 6፥1-2 አንስቶ «አይደለም» ብሎ ስለዘጋው ብዙ አልሄድበትም። ቲቶ 2፥11-12 ብቻ ይነበብ፤ ጸጋው ያድናል ካለ በኋላ ዓለማዊን ምኞት እንድንክድ «ያስተምረናል» ይላል፤ ግሱ ልጅ ለማሳደግ የሚያገለግል ነው።

ጸሎትን ለመፈተሽም ያው ባለቤትና ግስ የሚለው መንገድ ይሠራል። የሉቃስ 18ን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ፈሪሳዊው «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፣ ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ» አለ፤ ባለቤቱ በሙሉ «እኔ» ነው። ቀራጩ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ፤ እዚህም «እኔ» አለ፣ ግን ተሳቢ ሆኗል። ጾሙና አሥራቱ ክፉ አልነበሩም፤ የተቀመጡበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ማታ ስትጸልዩ የተናገራችኋቸውን ግሶች አስታውሱና ባለቤታቸው ማን እንደነበረ ቁጠሩ።

በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ለመጾም ቀን፣ አሥራት ለማውጣት ገንዘብ አልነበረውም፤ እጁም ተቸንክሯል። በጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች «ጌታ» ወይም «መምህር» ሳይል በስሙ ብቻ ይጠራዋል። በጥሪ ጊዜ የመጨረሻዋ «ስ» ስለምትወድቅ የጠራው «ኢዬሱ» ብሎ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ኢያሱ ይመስላል። «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ።» መልሱ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ሆነ። «አስበኝ» በግዕዝ «ተዘከረኒ» ነው። በቅዳሴ ይህ ቃል ሲደገም ፈያታዊ ዘየማን፣ የቀኙ ወንበዴ፣ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን «ኒ» በ«ነ» ተለውጣ ሕዝቡ ሁሉ ከእርሱ ጎን ይቆማል፦ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ።»